የፎገራ ታሪክ በማን ሣጥን ውስጥ ነው?

ስለ ተዘረፈ ቅርስ ወሬ ሲነሣ ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው የሚያብለጨልጨው ላይ ነው። ዘውዱ፣ ጽዋው፣ ጋሻው፣ መስቀሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ያጋበሰው ሀብት በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ መውረዱን፣ ደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ መቅረቡን፣ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ዛሬም በብሪቲሽ ላይብረሪ መደርደሪያ ላይ መቀመጣቸውን ያልሰማ የጋዜጣ አንባቢ ጥቂት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እስኪመለሱም ይቀጥል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ወደ አገራችን የመጡት ቆንስሎች፣ ሰባኪዎች፣ አንጥረኞችና ወታደሮች ከዕቃው ሌላ ወረቀትም ነበራቸው፦ ለእናት የተላከ ደብዳቤ፣ የዕለት ማስታወሻ፣ በእርሳስ የተነደፈ የመንደር ሥዕል፣ በወረቀት የተጠቀለለ ቁንዳላ ፀጉር። ወረቀቱ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲወራረስ ቆይቶ አንዳንዱ መጽሐፍ ሆኗል፤ አንዳንዱ ሙዚየም ገብቷል፤ የቀረው ከአንድ የአውሮፓ ቤት ጣሪያ ሥር ተቀምጧል። የፎገራን ሜዳ፣ የይፋግን ገበያና የደብረ ታቦርን ከተማ የዚያን ጊዜ ታሪክ ዛሬ በአብዛኛው የሚተርክልን ያ ወረቀት ነው። የኛ ቤተሰብ ሣጥን ግን ዝም ብሏል። ስለዚህ ከዘውዱ ጎን ለጎን የወረቀቱን ቅጂ መጠየቅ አለብን እላለሁ፤ ጥያቄያችን ክብደት እንዲኖረው ደግሞ አስቀድመን የራሳችንን ሣጥን መክፈት ይገባናል።

ከይፋግ ልጀምር። ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታን አልፎ አዲስ ዘመን ሳይደርስ ይፋግን ልብ ሳይላት ያልፋታል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ከጎጃም ተነሥቶ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ የሚዘልቀው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት፣ ስሟ ከጎንደር ቀጥሎ የሚጠራ ገበያ ነበረች። ይህን የምናውቀው በአመዛኙ የውጭ ተጓዦች ስለጻፉት ነው። ከእነርሱ አንዱ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ነው። ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አጠገብ በደረሰበት ጥቃት ቆስሎ ሞተ። የጻፈው ሁሉ በደረቀ ማስታወሻነት ተጠቅልሎ ይቀር ነበር፤ ወንድሙ ግን ወረቀቱን ሰብስቦ፣ አስተካክሎ፣ ቆንስሉ በሞተ በ8 ዓመቱ ለንደን ላይ አሳተመው። የፈረንሳዮቹ ወንድማማቾች የአንቷንና የአርኖ ዳባዲ ነገርማ ከዚህም ይብሳል። ሁለቱ በዘመነ መሳፍንት መገባደጃ ከአሥር ዓመት በላይ አገራችን ተቀምጠዋል። አርኖ ስለ ጎንደር፣ ስለ ራስ ዐሊ ደብረ ታቦርና ስለ ደጃዝማች ጎሹ ጎጃም ከጻፈው ውስጥ በሕይወቱ የታተመው የመጀመሪያው ቅጽ ብቻ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ቀሪዎቹ ቅጾች ከእጅ ጽሑፉ ተነቅሰው የታተሙት እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ማንም ሳይጥለው ቆየ ማለት ነው። እኛ ዘንድ አንድ ወረቀት መቶ ዓመት ሳይጣል እንዲቆይ ወይ ቤተ ክርስቲያን መግባት አለበት፣ ወይ ስለ መሬት መሆን አለበት።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ሲወጡ ጋፋት አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀለጡባት መንደር ናት። እዚያ የሠፈሩት ከባዜል የመጡ ሚስዮናውያንና ሌሎች አንጥረኞች መድፍ ብቻ አይደለም የሠሩት፤ ቤተሰብም መሥርተዋል። ቴዎፍሎስ ቫልድማየር ያገባው የንጉሡ ባለሟል የነበረውን የሊቀ መኳስ ጆን ቤልን ልጅ ሱዛናን ነው፤ እናቷ ወይዘሮ ወርቅነሽ ትባላለች። ሞሪትስ ሆል የተባለው ሌላው ሠራተኛ ደግሞ የሠዓሊውን የኤድዋርድ ዛንደርን ልጅ ወለተ ኢየሱስን አገባ፤ የእርሷም እናት ኢትዮጵያዊት ናት። ከመቅደላ በኋላ እነዚህ ቤተሰቦች ከጦሩ ጋር ወጡ። ቫልድማየር ሊባኖስ ገብቶ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ የ10 ዓመት የሐበሻና የ16 ዓመት የሶርያ ኑሮውንም ጽፎ አሳተመ። እነ ሆል ኢያፋ ሠፈሩ። ከሴት ልጃቸው ከማግዳሌና ዘር የተወለደው ፒተር ኡስቲኖቭ በዓለም የታወቀ ተዋናይና ደራሲ ሆነ፤ ኢትዮጵያዊት ቅድመ አያት እንዳለችውም ደጋግሞ አውርቷል። እስኪ የሁለቱን ወገን መዝገብ አስተያዩ። የባሎቹ ደብዳቤ ባዜል ደርሷል፤ ታሪካቸው በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ የልጅ ልጆቻቸው ስም በመዝገበ ዕውቀት ገብቷል። የወርቅነሽ ወንድሞችና እኅቶች፣ የወለተ ኢየሱስ የእናቷ ወገን ግን ስለዚያ ጋብቻ ምን እንዳሉ፣ ልጆቹ ባሕር ተሻግረው ሲሄዱ ቤታቸው ምን እንደ መሰለ የሚናገር አንድ ቅጠል ወረቀት በእጃችን የለም። ሴቶቹን የምናውቃቸው ባሎቻቸው በጠሯቸው መጠን ነው።

የማስታወሻ ዕቃ ነገር ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ከራሳቸው ላይ የተቆረጠው ፀጉር፣ ንጉሡን በሞቱበት ሁኔታ የሣለ አንድ ሠዓሊ ቤተሰብ ይዞት ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1959 ለእንግሊዝ ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ተሰጠ፤ ሙዚየሙም በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ አስረከበ። የልዑል ዓለማየሁም እንዲሁ። ልዑሉ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ንግሥት ቪክቶሪያ ኀዘኗን በዕለት ማስታወሻዋ ጽፋለች፤ ያ ማስታወሻ ዛሬ በኢንተርኔት ይነበባል። ዐፅሙ ይመለስ ለሚለው ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2015 ዓ.ም. የሌሎችን መቃብር ሳንረብሽ ማውጣት አንችልም ሲል እንቢ አለ። በወራት ልዩነት ግን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም.፣ ልዑሉን ያሳደገው የካፒቴን ስፒዲ ቤተሰብ ዘር የሆኑ አንዲት ሴት ቤታቸው የነበረውን የልዑሉን ጥቂት ፀጉር ለንደን ላይ አስረከቡ። ቤተ መንግሥት እንቢ ሲል ቤተሰብ እሺ አለ። ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን ባይ ነኝ። ሙዚየም ሕግ አለው፣ ቦርድ አለው፣ «ብመልስ ነገ ሌላውም ይጠይቀኛል» የሚል ስጋት አለው። ቤተሰብ የሚፈራው ያነሰ ነው፤ የሚያፍረው ደግሞ የበዛ። የአያቱን ሣጥን ከፍቶ የሰው ፀጉር ሲያገኝ እንቅልፍ የሚያጣው ግለሰብ ነው እንጂ ተቋም አይደለም። ስለዚህ ድርድራችን ሙዚየሞች ደጃፍ ላይ ብቻ መቆሙ ስሕተት ይመስለኛል።

እዚህ ላይ «እኛ ቅኝ አልተገዛንም፤ የቅኝ ገዥ ቤተሰብ ደብዳቤ ምናችን ነው?» የሚል ይኖራል። አለመገዛታችን እውነት ነው፤ ስለ እኛ አልተጻፈም ማለት ግን አይደለም። የአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ከቀደመው ሁሉ የበለጠ ወረቀት ጥሎ አልፏል። የፋሺስቱ ፓርቲ ዋና ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፤ ዓመቱም ሳይወጣ ስለዚያው ጉዞ መጽሐፍ አሳተመ። ከአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር ሲወጡ ያለው ቁልቋል በር ደግሞ የጣልያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ ካደረጋቸው የመጨረሻ ውጊያዎች አንዱ የተካሄደበት ነው፤ የወደቀው ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፣ ጎንደር ከመያዟ 6 ቀን አስቀድሞ። ጣልያን አገር ያ ቀን አልተረሳም። የካራቢኒየሪ ጦር እዚያ የወደቁ ሰዎቹን ከድንግል ማርያም በዓሉ ጋር አያይዞ በየዓመቱ ኖቬምበር 21 ቀን ይዘክራቸዋል። በአሬዞ አውራጃ ፒዬቬ ሳንቶ ስቴፋኖ በምትባል ትንሽ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተ የተራ ሰው ማስታወሻ ቤተ መዛግብት አለ፤ የገበሬ፣ የወታደር፣ የስደተኛ ማስታወሻና ደብዳቤ በሺዎች ይጠበቅበታል፤ ከመካከሉ አገራችን የዘመቱ ሰዎች የጻፉት ይገኛል። አንዲት የገጠር ከተማ፣ ያውም ከአዲስ ዘመን የማትበልጥ፣ የተራ ወታደርን ደብተር እንደ ታሪክ ቆጥራ ስታስቀምጥ በዚያው በር ላይ የተዋደቀው የሊቦና የፎገራ አርበኛ ቤተሰብ ምን ያህሉን አስቀመጠ?

«ጠላት የጻፈው ውሸት ነው» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ ግማሹም ልክ ነው። የስታራቼ መጽሐፍ ፉከራ ነው፤ የሚስዮኖቹም ደብዳቤ ገንዘብ ለሚልክላቸው ማኅበር የተጻፈ ነውና መከራቸውን ያበዛል፣ ሕዝቡን ያሳንሳል። ይሁንና ለአደባባይ በተጻፈና ለቤት በተጻፈ ወረቀት መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። ቺሮ ፖጂያሊ የሚባል የኮሪዬሬ ዴላ ሴራ ጋዜጠኛ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነበር። በሳንሱር ዘመን ጋዜጣው ላይ ሊያወጣው የማይችለውን፣ ሲቪል ጣልያኖች ሳይቀሩ ዱላና ብረት ይዘው የአዲስ አበባን ሰው እንዴት እያሳደዱ እንደ ገደሉ፣ በግል ማስታወሻው መዝግቦት ኖሯል። ማስታወሻው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ያ ደብተር ቤት ውስጥ ባይቀመጥ ኖሮ ገዳዩ ወገን ራሱ በገዛ እጁ የጻፈውን ምስክርነት ባጣን ነበር። የጣልያን የመከላከያ ሚኒስቴር መርዝ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 መሆኑን ስናስብ፣ ለ60 ዓመት መንግሥት ሲክድ የኖረውን ነገር ወረቀት ሲያውቀው ነበር ማለት ነው። የሰው ዋሾነት የሚታወቀው ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው። ችግራችን የነሱ ወረቀት መዋሸቱ ሳይሆን አጠገቡ የምናስቀምጠው የኛ ወረቀት ማነሱ ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን፤ የተጻፈውንስ መቼ ወረስነው? አገራችን የቃል አገር ናት ማለት ከራሳችን ላይ የምንጥለው ስንፍና ነው። የጎንደርና የአካባቢው አድባራት መጻሕፍት ኅዳግ በመሬት ሽያጭ፣ በስጦታ፣ በርስት ክርክርና በእማኝ ስም የተሞላ ነው። ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ኅብረተሰብ ያሳተመው ዳጎስ ያለ ጥናት በአመዛኙ የቆመው በዚሁ የኅዳግ ጽሑፍ ላይ ነው። በዳዊቱ መጨረሻ ባዶ ቅጠል ላይ «ይህን መሬት እገሌ ለእገሌ በዚህን ያህል ወርቅ ሸጠ፤ እማኞቹ እነ እገሌ» ብሎ የጻፈው ደብተራ ታሪክ ልጻፍ ብሎ አልነበረም፤ ነገ ጠብ እንዳይነሣ ብሎ ነው። ቤተሰብም ዘንድ እንደዚሁ ነው። ፎገራ ላይ አንድ ሽማግሌ ሲሞቱ የሚከፈተው ሣጥን ባዶ አይደለም። ከታች በላስቲክ ተጠቅልሎ የግብር ደረሰኝ ይገኛል፤ የሰማንያ ውል፣ ማዕዘኑ የተበላ የፍርድ ግልባጭ፣ ሪባኑ የነጣ የአርበኝነት ሜዳይ፣ ወታደር ልጅ ከግንባር የላከው ደብዳቤ፣ አንዳንዴም የማኅበር መዝገብ። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ወራሾች የሚከራከሩት ስለ በሬውና ስለ መሬቱ ነው። ወረቀቱን ምስጥ ይበላዋል፣ ወይም ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ይበሰብሳል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ደግሞ የርስት ወረቀት ከጥቅም ወጣ፤ እንዲያውም ያስጠይቅ ይሆናል የሚል ፍርሃት መጣ። ብዙ ሣጥን የተራገፈው ያኔ ነው።

አጥፊው ሁሌ ባዕድ ነው ማለትም አንችልም። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አዘርፈው ያቃጠሉት፣ ከአድባራቷ የተወሰዱትን መጻሕፍት መቅደላ ያከማቹት ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ናቸው፤ እንግሊዞች የዘረፉት አስቀድሞ የተሰበሰበውን ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ የደርቡሽ ጦር የተረፈውን ለኮሰው። ይህን መናገር የእንግሊዝን ዕዳ አያቀልለትም። ነገር ግን «ይመለስልን» ስንል ከሚገጥሙን መልሶች አንዱ «ያላችሁንስ ጠበቃችሁት?» የሚል ነውና፣ ነገሩ ንቀት ቢሆንም መልስ ሊኖረን ይገባል። መልሱ በአዋጅ አይገኝም፤ አዋጅማ አለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊቆይ እንደሚችል ይቀበላል፣ እንዲመዘገብም ያዝዛል። መዝጋቢው ግን ቅርስ ሲባል የሚታየው ብራናና መስቀል ነው፤ የኮንትራት ውልና የዘማች ደብዳቤ ማንም ቅርስ ብሎ አያነሣቸውም።

ምን ይደረግ ለሚለው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ መልስ የለኝም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የተዘረፈውንና የተጻፈውን መለየት ነው። ከመቅደላ የተወሰደው ብራና የኛ ነው፤ ለእርሱ ቅጂ አይበቃም፣ ዋናው ይምጣ። የጋፋት አንጥረኛ ባዜል ላለች እናቱ የጻፈው ደብዳቤ ግን የእናቱ ነው፤ ለእርሱ ማንሣት የሚገባን የቅጂ ጥያቄ ነው። ለንጉሥ የተላከ ደብዳቤ የተቀባዩ ነውና ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት፣ መልስ አጥቶ ያን ሁሉ መዘዝ ያመጣው ደብዳቤ እንግሊዝ አገር መቀመጡ ዝርፊያ አይባልም፤ በአንጻሩ ለቴዎድሮስ ተልኮ መቅደላ ላይ የተማረከ ደብዳቤ ቢኖር የተማረከ ንብረት ነው። እንዲህ ለይቶ የሚጠይቅ ሰው በር ይከፈትለታል። «ቅጂው ለእኛ፣ ዋናው ለእነሱ፤ ይህማ ሁለተኛ ዝርፊያ ነው» ለሚሉም መልሱ ከዚሁ የሚወጣ ነው፦ ቅጂ የምንጠይቀው ዋናው ሕጋዊ ባለቤት ባለው ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

በራሳችን ሣጥን ላይ ደግሞ የማንፈልገው ማሰባሰብን ነው። ሣጥን ሰብስቦ አዲስ አበባ መውሰድ ባላገሩን ያስደነግጣል፤ ያስደነግጠውም ይገባል፣ ሄዶ የቀረ ብዙ ነገር አይቷልና። ወረቀቱ እቤቱ ይቅር፤ ፎቶው ይነሣ። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ከየገዳሙ ቀድቶ ባለቤቶቹ ዘንድ ትቷቸዋል፤ ቅጂው አዲስ አበባና አሜሪካ ሚኒሶታ ይገኛል። ያኔ ካሜራና ፊልም ያስፈለገው ሥራ ዛሬ በስልክ ይሠራል። የደብረ ታቦር፣ የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የታሪክ ተማሪዎች በየዓመቱ ለመመረቂያ ጽሑፍ ገጠር ይወርዳሉ፤ ከሽማግሌ ይጠይቃሉ፣ ደብዳቤ ያነሣሉ፣ የወረቀቱም ምስል በተማሪው ስልክ ቀርቶ ከስልኩ ጋር ይጠፋል። ጽሑፉ ከመጽደቁ በፊት ያነሣውን ሁሉ፣ የት፣ ከማን ቤት፣ መቼ የሚል ማስታወሻ ጨምሮ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ያስረክብ የሚል አንድ ደንብ ቢወጣ፣ አንዱም ቅጂ ታትሞ ለቤተሰቡ ቢሰጥ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ይፋግን ለማጥናት ፕላውደንን ብቻ አንከፍትም ነበር።

«አሁን ክልሉ ካለበት የጸጥታ ችግር ጋር ሰው ስለ ነፍሱ ሲጨነቅ ስለ አሮጌ ወረቀት ታወራላችሁ?» ለሚል ሰው ክርክር የለኝም፤ ነፍስ ይቅደም። ልብ እንዲል የምፈልገው ግን ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሲሰደድ በመጀመሪያ የሚጠፋው ወረቀት መሆኑን ነው። ስለ ምስጢር የሚነሣው ተቃውሞ ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። የርስት ወረቀት ዛሬም ጠብ ያስነሣል፤ የዝምድና ቆጠራ የማይነገር ነገር ይዟል፤ የአንድ ሰው ደብዳቤ ሌላውን ባንዳ ሊለው ይችላል። በውጭ አገር የሚደረገው ቤተሰቡ ራሱ «ይህ እስከዚህ ዓመት ድረስ እንዳይነበብ» ብሎ መወሰኑ ነው፤ ቤተ መዛግብቱም ቃሉን ይጠብቃል። እኛም ዘንድ ይቻላል፤ ንስሐ አባት ምስጢር መጠበቅ የሚያውቅበት አገር ነው። የሚያስቸግረው ጉዳዩን የሚረዳ የመዝገብ ሠራተኛ በየወረዳው ማግኘት ነው፤ ለዚያም ቢሆን ከቅርስ ባለሙያው ይልቅ የሰፈሩን ዳዊት ደጋሚ ባሠለጥን ይሻለኛል፤ የኅዳግ ጽሑፍ ማንበብ ያውቅበታል፣ የማን ወንድም የማን እማኝ እንደ ነበረም ሳይጠየቅ ይናገራል።